ለአንድ እሑድ ስምንት ቦታ

«ነዋሪነታችን ሐዋሳ ነው። ከጥምቀት በኋላ በሚመጣው ቅዳሜ አማቴ፣ የባለቤቴ ታላቅ እህትና የአራት ዓመት ልጇ በእህትየው መኪና ከአዳማ ይመጣሉ። ቅዳሜ ማታ ገብተው ሰኞ ጠዋት ስለሚመለሱ በእጃችን ያለችው እሑድ ብቻ ናት። አማቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል፤ ሐዋሳን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ባለቤቴ ‹እናቴ ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ ምን አየሁ ትበል?› እያለ ታቦር ተራራን፣ ቅዱስ ገብርኤልን፣ አሞራ ገደልን፣ የጀልባ ሽርሽርን፣ ጉዱማሌን፣ ፍቅር ሐይቅን፣ ወንዶ ገነትንና ሰንቀሌን በአንድ ቀን ለማዳረስ አቅዷል። የኛዎቹ ልጆች ዘጠኝና ስድስት ዓመታቸው ነው። ያለፈው ዓመት እንግዶች ሲመጡ ቀኑን ሙሉ የምግብ ዕቃ ተሸክሜ የሚያለቅስ ልጅ ሳባብል ነው የዋልኩት። ባለቤቴን ሳላስቀይም ቀኑን እውነተኛ የእረፍት ቀን ላደርገው የምችለው እንዴት ነው? ምሳው ከቤት ይሠራ ወይስ እዚያው ይበላ? ልጆቹስ ሐይቁ ውስጥ ቢገቡ ችግር አለው?»

እንግዳ ተቀባይዋ፣ ከሐዋሳ

ውድ ጠያቂያችን፣

ከባለቤትዎ ዝርዝር ውስጥ አንድም የማይረባ ቦታ የለም። ስምንቱም ሰው ከሩቅ መጥቶ ቢያያቸው የሚያስደስቱ ናቸው፤ ችግሩ ስምንቱም ለአንድ እሑድ መታሰባቸው ነው። ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ካርታ ላይ ቢያስቀምጡት በራሱ ለሁለት ይከፈላል። ስድስቱ ከተማው ውስጥ፣ አብዛኞቹም በሐይቁ ዳር ተያይዘው የሚገኙና ከአንዱ ወደ ሌላው በባጃጅ በደቂቃዎች የሚደረስባቸው ናቸው። ወንዶ ገነትና ሰንቀሌ ግን ከከተማው ውጪ ናቸው፤ ሁለቱም ለየራሳቸው ቀን ይፈልጋሉ። የወንዶ ገነት ፍል ውኃ ሰው ረጋ ብሎ ታጥቦ፣ ከጥላ ሥር አርፎ የሚመለስበት ቦታ እንጂ ደርሰን እንምጣ የሚባልበት አይደለም። ሰንቀሌ ደግሞ ዛሬ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የቀረውን የስዌይን ቆርኬ ለማየት የሚኬድበት መጠለያ ነው፤ እንስሳቱ ሜዳ ላይ ተበትነው በደንብ የሚታዩት ጠዋት በማለዳ ስለሆነ፣ በቀትር ፀሐይ የሚደርስ ሰው ከመንገዱ አቧራ ሌላ ብዙ ላያተርፍ ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ያለ ምንም ማመንታት ከዝርዝሩ ያውጧቸው።

የቀሩትን ስድስቱንም ቢሆን ሁሉም ሰው ሁሉንም ማየት የለበትም። ከቤተሰብ ጋር ለሽርሽር ስንወጣ የምንሳሳተው ጊዜውን በመኪናዋ ፍጥነት ስለምናሰላው ነው። ከአሞራ ገደል እስከ ፍቅር ሐይቅ ያለውን ርቀት ሰው ሲጠየቅ «አምስት ደቂቃ» ይላል፤ እውነትም መኪናዋ የምትሄደው ያንን ያህል ነው። ነገር ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እስከ መኪናው ተራምደው፣ በሩን ይዘው እስኪገቡ፣ አንዱ ሕፃን ሽንት ቤት እስኪሄድ፣ ሌላው የጣለው ኮፍያ እስኪፈለግ ድረስ ያለውን ማንም አይቆጥረውም። ይህ በእያንዳንዱ መነሣትና መድረስ ላይ ይደገማል። ስምንት ቦታ ማለት ስምንት እይታ ብቻ ሳይሆን ስምንት ጊዜ መነሣት፣ ስምንት ጊዜ መቆጠር፣ ስምንት ጊዜም «ኧረ ቶሎ በሉ» መባል ነው። አማትዎንና የአራት ዓመቱን ልጅ የሚያደክማቸው መንገዱ አይደለም፤ ይህ መነሣትና መቀመጥ ነው። ስለዚህ የቀኑ ሰዓት በእናትየው ጉልበት ይሰላ፤ ከዚያ ሌላው ራሱ ልክ ይገባል።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። እሳቸው የሚያስቡት ለእናታቸው ነው፤ ከዝርዝሩ በስተጀርባ ያለው ስስት ሳይሆን አክብሮት ነው። ስለዚህ «ይህ ዕቅድ አይሆንም» ብለው ቢጀምሩ ክርክሩ ስለ ቦታዎቹ መሆኑ ቀርቶ ስለ እናታቸው ክብር ይሆንና ሳይጀመር ይበላሻል። ይልቁንስ በዚህ ሳምንት ውስጥ ስልኩን ለባለቤትዎ ይስጧቸውና እናታቸውን ራሳቸው ይጠይቋቸው፤ ታዲያ ጥያቄው «የት መሄድ ይፈልጋሉ?» ሊሆን አይገባም። እንዲህ የተጠየቁ እናት «እናንተ ካላችሁበት ሁሉ ደስ ይለኛል» ከማለት ሌላ መልስ አይሰጡም። «እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ይሄዳሉ ወይ? ጀልባ ላይ መውጣት ይፈራሉ ወይ? አሳ ይበላሉ ወይ?» ተብለው ቢጠየቁ ግን ቁርጥ ያለ መልስ ይገኛል፤ ባለቤትዎም ዝርዝሩን የሚያሳጥሩት በሚስታቸው ቃል ሳይሆን በእናታቸው ቃል ይሆናል። ይህ ተንኮል አይደለም፤ እንግዳን ቀድሞ መጠየቅ ነው፤ እኛ ዘንድ ብዙ ያልተለመደ መሆኑ ብቻ ነው የሚያስገርመው።

አሁን ወደ ቀኑ እንግባ። የመጀመሪያው ምክሬ ጠዋቱን ተለያይታችሁ እንድታሳልፉ ነው። ቤተሰብ አብሮ ካልዋለ ሽርሽር አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ቀን አበላሽቷል። አማትዎና ልጃቸው ቅዳሴ ለመሄድ ከፈለጉ ቅዱስ ገብርኤል በከተማው እምብርት ላይ ስለሆነ ማድረሱም መመለሱም ቀላል ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቢሆን ኖሮ በሕዝቡ ብዛት ምክንያት ሌላ ምክር እሰጥዎ ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው ተራ እሑድ ግን የሚያሰጋ ነገር የለም። በዚያው ሰዓት ባለቤትዎ የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ይዘው ታቦር ይውጡ። በጥር ወር ፀሐይ የምትወጣው ወደ 12፡45 አካባቢ ስለሆነ 12፡00 ሰዓት ላይ ከቤት ቢነሡ ይበቃቸዋል፤ ከላይ ሆኖ ከተማውን በአንድ ወገን፣ ሐይቁን በሌላው ወገን ማየት ለልጁ ካርታ ከማስጠናት ይሻላል። ሁለት ሆነው ብቻቸውን ባይሄዱና ተራራውን ከሚወጡ ሌሎች ሰዎች ጋር ቢቀላቀሉ ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ባለቤትዎ ተራራቸውን አገኙ፤ ማንም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዳገቱ ሥር ቆሞ አልጠበቃቸውም። እርስዎም ከትንሹ ልጅዎና ከእንግዳው ሕፃን ጋር ቤት ቆይተው እስኪበቃቸው ይተኙ።

ስብሰባው 3፡00 ሰዓት አካባቢ አሞራ ገደል ይሁን። ሰባት ሰው ስለሆናችሁ አንዲት መኪና አትበቃም። አማትዎ፣ እህትየውና ሕፃናቱ በመኪናው ይሂዱ፤ የቀራችሁት በባጃጅ። ለባጃጁ ቀኑን ሙሉ ኮንትራት መያዝ አያስፈልግም፤ በሐይቁ ዳር ባጃጅ አይጠፋም፤ ባለ ኮንትራቱ ደግሞ ቆሞ ሲጠብቃችሁ እናንተ ናችሁ ሰዓት ሰዓት የምትሉት።

አሞራ ገደልን ከዝርዝሩ ሁሉ አስበልጬ እንዲቆይ የምመክርበት ምክንያት አለኝ። ሌሎቹ ቦታዎች የሚታዩ ናቸው፤ እዚህ ግን ሥራ አለ። አሳ አጥማጆቹ የሌሊቱን መረብ ይዘው ይመለሳሉ፤ ቆሮሶውና አምባዛው ከጀልባው ይወርዳል፤ መሬት ላይ የተቀመጡ ወጣቶች አሳውን በአንድ እጃቸው ጭራው ላይ ይዘው ቢላዋውን ከጀርባ አጥንቱ ጋር ያስኬዱታል፣ ገልበጥ አድርገው ሌላውን ጎን ያወጣሉ፣ ቆዳውን ከሥጋው ይገፉና ፊሌቶውን ወደ ሳፋው ይጥላሉ። ራሱና አጥንቱ ከኋላ ቆሞ ለሚጠብቀው አባ ኮዳ ነው። አባ ኮዳ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ለአራት ዓመቱ ልጅ ከእርሱ የሚበልጥ ወፍ እንደ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲንጎራደድ ማየት የዓመት ወሬ ይሆነዋል። ታዲያ ልጁን እጁን ይዘው ያሳዩት፤ ወፎቹ ሰው የለመዱ ናቸው፣ ሲሻሙ ግን ማንን እንደሚገፉ አይመርጡም። በሐይቁ ዳር ትልልቅ ዛፎች ላይ ያሉት ጦጣዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ሙዝ በእጁ የያዘ ሕፃን ካዩ ሙዙ የእነርሱ ነው። ለጦጣ ምግብ መስጠት ለልጆች ደስ የሚል ቢመስልም ጦጣዋን ነጣቂ የሚያደርጋት ይኸው ነውና አይልመዱ። ከዛፎቹ ከፍ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ጥቁርና ነጭ ረጅም ጠጉር ያለው ጉሬዛ ካያችሁ ደግሞ አማትዎን ሳያሳዩ እንዳያልፉ።

እዚያው የአሳ ሾርባ ይጠጣል። ከቅዳሴ ምንም ሳይቀምሱ ለወጡ እናት ከዚህ የተሻለ ቁርስ አላውቅም፤ ትኩስ ነው፣ ለሆድ አይከብድም፣ ተቀምጦ የሚጠጣ ነው። ቃሪያውን ለብቻ እንዲያመጡላችሁ ንገሯቸው። ጥሬ አሳ በዳጣ የሚበሉ ሰዎችም እዚያው ታያላችሁ፤ እህትየው ለመቅመስ ቢጓጉ ምርጫው የራሳቸው ነው፤ እኔ ግን ለልጅም ለአዛውንትም አልመክርም፤ ከሐይቅ የወጣ አሳ በጥሬው ሲበላ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ጀልባ የሚወጣ ካለ የሚወጣው ከሾርባው ቀጥሎ፣ ከ4፡00 እስከ 5፡00 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ነው፤ ጠዋት እንደ መስተዋት ረግቶ ያያችሁት ውኃ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣ ይናወጣል፤ ትንሿን ጀልባ የሚያንገላታው ሞገድም ያኔ ይመጣል። «ፀሐይ በረድ ስትል 10፡00 ሰዓት ላይ እንሄዳለን» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ውኃ ለብሶ ነው የሚመለሰው። ከመሳፈራችሁ በፊት ሦስት ነገር ቁርጥ ይሁን፤ ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ የት ድረስ ነው፣ ለስንት ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃናቱም በልካቸው፣ የሕይወት አድን ሰደሪያ ከሌለ አይሳፈሩ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ ባለ ጀልባው «እኔ አለሁ» ቢልም እርሱ ያለው ለሁለት ልጆች በአንዴ አይደለም።

አብዛኛው ሰው የሚጓጓው ወደ ጥቁር ውኃ በኩል ያሉትን ጉማሬዎች ለማየት ነው። ጥቁር ውኃ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ነው፤ ከሐይቁ ወደ ውጪ የሚፈስ ወንዝ ግን የለም፤ ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅ «ታዲያ ለምን አይሞላም?» የሚለውን ጥያቄ ለአባቱ እንዲያቀርብ ቢነግሩት የጀልባው ጉዞ አያሰለችም። ጉማሬ ላይ ግን ከባለ ጀልባው ጋር አስቀድመው ይስማሙ። ብዙ ጊዜ ባለ ጀልባው የሚጠጋው ተሳፋሪው «ትንሽ ጠጋ በል» ስለሚለው ነው፤ በተለይ ግልገል የያዘች ጉማሬ ጀልባ ሲቀርባት አትታገሥም። ራቅ ብሎ ቆሞ ጆሮና አፍንጫቸው ከውኃው በላይ ብቅ ሲል ማየት ይበቃል። አማትዎ ጀልባ ካልፈለጉ ማንም አያግባባቸው። ከመሬት ወደሚወዛወዝ ጀልባ መራመድ ጉልበት ለሚያመው ሰው ከጉዞው ራሱ ይከብዳል። ከእርስዎ ወይም ከልጃቸው ጋር ጥላ ሥር ሆነው አሳውን ሲያወጡ ቢያዩ ምንም አልጎደለባቸውም፤ ምናልባትም ከጀልባው ሰዎች የበለጠ ያያሉ።

ስለ መዋኘቱ ለጠየቁት መልሴ አጭር ነው። ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ አይግቡ፤ እግራቸውን እንኳ አይንከሩ። በሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዝያ መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ነው። በሽታው የሚመጣው በዳርቻው ሣርና ቄጤማ ባለበት፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በሚወጣ፣ በዓይን በማይታይ ትል ነው፤ ትሉ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ውኃውን መዋጥ አያስፈልግም። ስለዚህ «እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ» የሚለው ማስታገሻ አይሠራም፤ ትሉ ያለው በትክክል እዚያ ጠርዙ ላይ ነው። የሰፈር ልጆች ሲዋኙ ልጆችዎ ያያሉ፤ ይጠይቋችኋልም፤ እውነቱን ንገሯቸው። ድንገት አንዱ ሮጦ ከገባ ወዲያውኑ አውጥታችሁ በደረቅ ፎጣ አጥብቃችሁ አድርቁት፤ ይህ ይረዳል፣ ሙሉ ዋስትና ግን አይደለም፤ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ከታየ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ሐይቅ ውስጥ መግባቱን ተናግራችሁ አስመርምሩት። የሰገራ ምርመራ ያሳየዋል፣ መድኃኒትም አለው። ልጆቹ የግድ መዋኘት ካለባቸው መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል መርጣችሁ ምሳችሁን እዚያ አድርጉት፤ ለሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ ይሆናል።

ወደ ምሳው መጣሁ። ከቤት የሚሠራ ምሳ አይኑር። ይህን ስል እንግዳ ተቀባይነትዎን እየነካሁ እንዳልሆነ ይረዱልኝ፤ ዶሮ ወጡ ቅዳሜ ማታ ይሁን። ከአዳማ የመጡ እንግዶች ቤት ገብተው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ በራስዎ ገበታ ላይ ዶሮ ከበሉና ቡና ከጠጡ የእንግድነት ወጉ በሙሉ ደረሰ ማለት ነው። እሑድ ያንኑ ድስት ተሸክሞ ሐይቅ ዳር መውረድ ማንንም አያከብርም፤ እርስዎን ከሽርሽሩ ያስቀርዎታል እንጂ። ለመያዝ የሚያስፈልግዎ የሚጠጣ ውኃ፣ ዳቦ፣ ሙዝና ብርቱካን፣ ለጠዋቱ ብርድ አንድ ጋቢ፣ ለቀትሩ ኮፍያ፣ አንድ ፎጣ፣ የልጆች ቅያሪ ልብስና ቆሻሻችሁን መልሳችሁ የምትወስዱበት ፌስታል ነው። ይህ በአንድ ዘንቢል ይገባል፤ ዘንቢሉንም የሚይዘው ታቦርን የወጣ ጉልበት ያለው ሰው ይሁን።

የምሳ ቦታ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያዩት የምግብ ዝርዝሩን አይሁን። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው ወይ፣ ደረጃ አለው ወይ፣ አማትዎ የሚደገፉበት ወንበር አለ ወይ፣ ጥላው ከቀትር በኋላም ይቆያል ወይ ብለው ይመልከቱ። ከሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎችና ሪዞርቶች የሚመጥናችሁን ቅዳሜ ደውላችሁ ለሰባት ሰው ቦታ ያዙ፤ እሑድ ከቀትር በኋላ ሙሽሮችና አጃቢዎቻቸው ለፎቶ ሲመጡ ጥላ ያለው ጠረጴዛ ማግኘት ከባድ ነው። (ልጆቹ ሙሽራ ማየት ይወዳሉና ይህኛው መጨናነቅ ሙሉ በሙሉ ክፉ አይደለም።)

ምግቡን እንደተቀመጣችሁ እዘዙ፤ እሑድ ቀን አሳ ቶሎ አይደርስም። ለትልልቆቹ ሙሉ ቆሮሶ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ እስኪቀላ የተጠበሰ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር ያምራል፤ እየፈለፈሉ በእጅ የሚበላ ስለሆነ ጨዋታም ያስረዝማል። ለሕፃናቱና ዓይናቸው ለደከመ ሰው ግን እሾህ የወጣለት ፊሌቶ ወይም አሳ ጉላሽ ይዘዙ። አማትዎ አሳ የማይወዱ ከሆነ፣ ወይም የአገሬውን ምግብ ለመቅመስ ካሰኛቸው፣ ቡርሳሜ የሚሠራበትን ቦታ ቀድማችሁ አጣሩ፤ ከእንሰት የተዘጋጀው በቅቤ የራሰ የሲዳማ ምግብ ነው፣ ከእርጎ ጋር ሲቀርብ ለጥርስም ለሆድም ይስማማል። ክፍያውን በተመለከተ ባለቤትዎና እህታቸው ጠረጴዛው ላይ በሂሳብ እንዳይታገሉ ቀድመው ይነጋገሩ። አስተናጋጁን መሐል አቁሞ «በሞቴ» መባባል ለተመልካች ቢያስቅም እናት ፊት ሲሆን ያሳፍራል፤ አንዱ ምሳውን፣ ሌላው ጀልባውንና ማምሻውን ቢይዝ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል።

ከ6፡30 እስከ 9፡30 ድረስ ምንም አይታቀድ። እነዚህ ሦስት ሰዓታት ባለቤትዎን በጣም የሚያሳስቧቸው እንደሚሆኑ አውቃለሁ፤ «ዝም ብለን ልንቀመጥ ነው?» ይላሉ። አዎን፣ ዝም ብላችሁ ልትቀመጡ ነው። የጥር ፀሐይ የሚከረው በዚያ ሰዓት ነው፤ ሕፃኑ እንቅልፉ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው፤ እናታቸውም ልጃቸውን ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያወሩት በዚያ ሰዓት ነው። አዳማ ላይ ስለሚሠራው ቤት፣ ስለ ታመመው ዘመድ፣ ስለ ማን አገባና ማን ወለደ የሚነገረው ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር እንጂ ከመኪና ወደ መኪና ሲሻገሩ አይደለም። እርስዎም በዚህ ጊዜ ውስጥ ምንም ነገር እንዳያሰናዱ፣ እንዳይሰበስቡ፤ ቡናውን የቤቱ ሰዎች ያፍሉት። ትልልቆቹ ልጆች ከሰለቻቸው ወረቀትና እርሳስ ይስጧቸውና ጠዋት ያዩአቸውን ወፎች ይሣሉ፤ አባ ኮዳ ለመሣል የሚመች ወፍ ነው።

9፡30 አልፎ ፀሐዩ ሲበርድ ወደ ፍቅር ሐይቅ ሂዱ። የዳርቻው መንገድ ደልዳላ ስለሆነ አማትዎ የቻሉትን ያህል ተራምደው ሲደክማቸው ይቀመጣሉ፤ ልጆቹ ፊት ፊት ይሮጣሉ። ጉዱማሌን የምታዩት ከቻላችሁና ከፈለጋችሁ ብቻ ነው። ቦታው የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፍቼ ጨምባላላን በአደባባይ የሚያከብርበት ነው፤ በዓሉ ኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ቀኑንም የሚወስኑት የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ የሚያነቡ አዋቂዎች ናቸው። ይህን ለእንግዶቻችሁ መንገር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በጥር ወር የምታገኙት ዛፍና ሣር እንጂ በዓሉን አይደለም፤ ስለዚህ ከተዘለለ አይቆጭም። ለበዓሉ ተመልሰው እንዲመጡ መጋበዝ ይሻላል፤ ባለቤትዎም «ያልታየ ቀረ» የሚለው ጭንቀታቸው ወደ ግብዣ ይለወጥላቸዋል።

ፀሐይ የምትገባው 12፡30 አካባቢ ነው። ለማየት ከቆያችሁ ልጆቹ እጅጌና እግሩ ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ፤ ደንገዝገዝ ሲል ከውኃው ዳር ትንኝ ይነሣል፣ ሐዋሳም ወባ ያለባት ከተማ ናት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤት። ራት ቀለል ያለ ነገር፣ ከቅዳሜው የተረፈም ቢሆን፤ ሰኞ መንገደኞች ናቸው።

ስለ ሰኞም አንድ ነገር ልጨምር፤ ባለቤትዎ ዝርዝራቸው ሲያጥር የሚካሱበት እዚያ ነውና። ወደ አዳማ የሚመልሰው መንገድ ሻሸመኔንና ባቱን አልፎ ሞጆ ላይ የሚወጣ ስለሆነ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በግራና በቀኝ ያሉበት ነው። እህትየው በማለዳ ከተነሡ አንድ ቦታ ቆም ማለት ይችላሉ፤ አንድ ብቻ። አቢያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ገብተው ለሕፃኑ ሰጎን ማሳየት ይቻላል፤ ካልሆነም ባቱ ላይ ሐይቁ ዳር ምሳ በልተው ያልፋሉ። ፓርኩ ተሽከርካሪም የእግር መንገድም ስለሚጠይቅ የአማትዎ ጉልበት እሑድ እንዴት እንደዋለ አይታችሁ ወስኑ፤ እኔ ብሆን ባቱን እመርጣለሁ። የትኛውም ቢሆን አዳማ የሚገቡት ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሆን ከሐዋሳ የሚነሡበትን ሰዓት እሑድ ማታ ተስማሙበት፤ ሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ ሲሆን «ትንሽ ቆዩ» የማይል ሰው በቤታችሁ አይኖርም።